ሠላሳ አንድ ቀዳዳ

ከእርሻ ቢሮው ጓሮ፣ ከሙጃ ውስጥ ወጣ፤
ለጨረታው ዕለት ከኔ በቀር አንድ ሰው አልመጣ።
ጸሐፊው ማኅተሙን እያሸ እየሳቀ፣
"ጅማ ላይ ጀልባ? ሐይቁስ ከወዴት ፈለቀ?"
የአንድ ጠቦት ዋጋ ከፍዬ ደረሰኝ ያዝሁ፤
በአይሱዙ ጀርባ፣ በአፉ ደፍቼ፣ ቆጪ ድረስ ጫንሁ።
መርካቶን ስናልፍ አንድ ልጅ በጠጠር መታው፤
እንደ ትምህርት ቤት ደወል ጮኸ።
የሰማ ሁሉ ተከተለው።

ሃያ ሁለት ዓመት ባትላሜራ ነኝ፤
የተጋጨ በር፣ የተጨማደደ ኮፈን ነው የሚያውቀኝ።
ብረት ግልጽ ነው፤ ሲግል ይቀላል፣ ሲያረጅ ይዝጋል፣
የሚያመውን ቦታ በቀለም ያሳያል።
አልሙኒየም ግን ድብቅ ነው፤
ሳይቀላ ይቀልጣል፣ ሳይዝግ ይበላል።
በመጀመሪያው ቀን እሳት አስጠግቼ
የፀጉር ስንጥቅ ልደፍን ገብቼ
ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ ከፈትሁ።
ማታ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

አባ ዲጋ ከአሰንዳቦ መጡ፣
መረባቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፤
አንድ ዙር ዞሩ፣ ጎኑን አንኳኩተው፦
"በዓይንህ አትፈልግ፣ ዓይን ይሸነግላል፤
ውሃ ሙላት። ሊገባ ያሰበው ውሃ
በሩን ራሱ ይነግርሃል።"
እሳቸው "እሷ" ስላሉ እኔም ከዚያ ወዲህ "እሷ" አልኋት፤
የኔን ትልቅ ቀዳዳ በጨርቅ ወትፈን
በሁለት በርሜል ላይ አስቀመጥናት።

ቧንቧ በስምንት ቀን አንዴ በሚያስነጥስበት ሰፈር
አርባ ጄሪካን ለቆርቆሮ ማጠጣት ነውር ነበር።
ሙኒራ በመስኮት አየችኝ፣ ምንም አላለችም፤
ዝምታዋን ደግሞ ማንም ብየዳ አይደፍነውም።
ልጃችን ፈቲያ ግን ከሥር ተንጋልላ
በቀይ የጥፍር ቀለም፣ ጠብ ባለበት ሁሉ ነጥብ ስታኖር ዋለች፤
"አባዬ፣ ይቺም! ይቺም!" እያለች፣
ፊቷ እየራሰ፣
እስኪመሽ ሠላሳ አንድ ቆጠረች።

የላላውን ሪቬት ራሱን በመሮ ቆርጬ፣ አዲስ መታሁ።
ከሞተ አይሱዙ ወንበር መቀመጫ ሠራሁ፤
ወለሉን በኮምፔርሳቶ፣
አፍንጫዋ ላይ ከባጃጅ የተነቀለ መብራት፣
ከወንበሩ ሥር የተከደኑ ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች፣
ብትገለበጥ እንኳ እንዳትሰጥም።
ከዚያ ቀለሟን መፋቅ ያዝሁ።
አረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሥር ግራጫ፣
ግራጫው ሥር፣ ከአከርካሪዋ አጠገብ፣
መዳፍ የምታህል ልጣፊ።

እጄ ቆመ።

የመዶሻ ምት እንደ እጅ ጽሕፈት ነው።
እያንዳንዱ ወደ ግራ ያዘመመ፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ የተደመደመ፤
ይህን የሚመታ ግራ እጅ ጅማ ውስጥ አንድ ነበር።
ጋሽ ሽብሩ።
በአሥራ አራት ዓመቴ መዶሻ ያስጨበጠኝ፣
በሃያዬ፣ በሦስት መቶ ብር ሰበብ፣
በሰው ፊት "ሌባ" ያልሁት።
መልስ አልሰጠኝም።
በቀብሩ ቀን ጋራዤን አልዘጋሁም።

ጀልባ መጠገኑን ነግሮኝ አያውቅም።
ሆዷ ላይ ሠላሳ አንድ ቀይ ነጥብ አለ፤
በሱ ልጣፊ ዙሪያ አንድም የለም።
የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጥሁ።
ያቺን መዳፍ የምታህል ቦታ
እስከ ዛሬ አልቀባሁም።

ግልገል ጊቤ ላይ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ ገፋናት።
ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ እንደ ለመደች በቅሎ ሄደች።
አባ ዲጋ እየቀዘፉ፣ "እዚህ ሥር ዋርካ አለ፣" አሉ፣
"መረብ ይይዛል። ድሮ ጥላው ሥር ስብሰባ እንቀመጥ ነበር።"
ቆሮሶውም አምባዛውም አላጓጓኝም፤
ኮምፔርሳቶውን ከፍ አድርጌ ከእግሬ ሥር አየሁ።
አንድ ጠብታ፤ ቆይቶ ሌላ።
ከሠላሳ አንዱ አንዷ፣ ያቺ በእሳት የከፈትኋት፣ ታነባለች።
የሱ ደረቅ ነው።

"ታፈሳለች?" አሉ አባ ዲጋ፣ ዘወር ሳይሉ።
"ትንሽ።"
ጣሳውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉ፦
"እንግዲያው እየቀዳህ ድፋ።"